በቆሰበር የተቀመጥነው አውጫጭኝ

በደሉን ከመጀመሪያው ልናገር። የልጅ ልጄን አዝመራን፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቋት፣ የብዙ ሰው ድካም አጥፍታለች ብለው ፈረዱባት። በስልክ ነው የፈረዱባት። ፈራጆቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የተማሩ፣ ትልቅ ሰው ሲያዩ ከወንበር የሚነሡ፣ እንደ እኔ ያለችውን አሮጊት አንቱ የሚሉ ሰዎች ናቸው። እንዲጻፍ የፈለግሁትም ለዚህ ነው። ክፉ ሰው ሲበድል ማን ይገረማል?

ጥሩወርቅ እባላለሁ። የምኖረው ዳንግላ ነው። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት ተነሥቶ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ በአማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፤ በአገውኛ እጣላለሁ። ነገሩ በሆነበት ጊዜ፣ በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት አካባቢ፣ ገበያ ላይ ጌሾና ብቅል እሸጥ ነበር፤ የሰፈራችን የሴቶች ዕድር ዳኛም ነበርኩ። የዕድር ድስት ተበስቶ ሲመለስ፣ ድንኳን ተቀዶ ሲገኝ ሰው የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ቶሎ አልፈርድም። በዚህ የሚያማርሩኝ አሉ፤ "እትዬ ጥሩወርቅ ፊት ከመካሰስ አዲስ ድስት መግዛት ይቀላል" ይላሉ። ይበሉ።

አዝመራን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ተምራ ተመረቀችና ኢንጅባራ፣ እኛ የድሮዎቹ ቆሰበር በምንላት ከተማ፣ አንድ የጥናት ቢሮ ውስጥ ገባች። የሚያጠኑት ዲከረንስን ነው፤ ገበሬው በእርሻው ላይ እየተከለ ከሰል የሚያከስለውን፣ አገራችንን ያለበሰውን ዛፍ። መሬቱን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? እሱ ተቆርጦ ሲያበቃ የሚዘራው እህል እንዴት ይሆናል? ይህን ለማወቅ በሌላ አገር ያሉ ሰዎች ስለዚሁ ዛፍ የጻፉትን ሁሉ ከኢንተርኔት ይሰበስቡ ነበር።

አንድ ቀን እቤት መጥታ ኮምፒውተሯ ላይ ስትተከልብኝ፣ "ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትሠሪው?" አልኋት።

"ወንፈል ነው እማማ።"

"የምን ወንፈል? ማጭድሽ የታለ?"

ሣቀችና አስረዳችኝ። አንድ ፕሮግራም አለ። ያገኙትን ጥናት ሁሉ እዚያ ውስጥ ያስገባሉ። ፕሮግራሙ የጸሐፊውን ስም፣ ዘመኑን፣ የታተመበትን ቦታ ለይቶ በየመልኩ ያስቀምጣል። አንዱ ሲያነብ ያሰምርበታል፣ በዳሩ ሐሳቡን ይጽፍበታል፤ ሌላው በራሱ ኮምፒውተር ሲከፍት ያንኑ ያገኘዋል።

"የጋራ ቤተ መጻሕፍት በይው" አለችኝ። "እኔ የሰበሰብኩትን አብረውኝ የሚሠሩት መምህር አለልኝ ያነቡታል፤ እሳቸው የጻፉበትን እኔ አንቺ ቤት ተቀምጬ አነበዋለሁ። ታዲያ ወንፈል አይደለም?"

"የበላ ሁሉ በተራው ማጭዱን ይዞ ከመጣ ነው" አልኋት።

"ማጭድ ይዞ በመምጣትስ እኔን የሚቀድመኝ የለም" አለች። እውነቷን ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሰበሰበችው እሷ ነበረች።

ክረምት ገባ። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና መብራት ከጠፋ ሰነበተ። እኔ ጉንፋን ጥሎኝ ነበርና አዝመራ ፈቃድ ጠይቃ ልታስታምመኝ መጣች። ኮምፒውተሯ ገና እንደመጣች ባትሪው አልቆ ቦርሳ ውስጥ ገባ። ስልኳን ብቻ ጎረቤት ካለ ሶላር ላይ እየሰካች ትጠቀም ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። እኔ ተኝቻለሁ፤ የምሰማው የእሷን ድምፅ ብቻ ነው።

"አቤት ዶክተር... ደኅና ነኝ... ምን? ሁሉም? ... እኔ? ... ኧረ ዶክተር፣ እኔ እኮ... ዶክተር?"

ተዘጋባት። ስልኩን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"አለቃችን ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ሆነ። ትናንት ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ጠፋ። አዝመራ ነች ያጠፋችው ብለው ከቡድኑ አስወጥተውኛል።"

"ለምን አንቺ?"

"ሌላ ከተማ ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድል አግኝቼ የለ? ዕድሉን ባገኘሁበት ሳምንት 'ስሄድ የሰበሰብኩትን ይዤ መሄድ እችላለሁ?' ብዬ ጠይቄ ነበር። አይቻልም ሲሏት ተናዳ አጠፋችው ነው የሚሉት።" እንባዋ መጣ። "ሰኞ ለበላይ ደብዳቤ ይጻፍባታል ብለዋል። ደብዳቤው ከተጻፈ ማን ያስተምረኛል እማማ? ስሜ ጠፋ።"

ከአልጋዬ ቀና አልኩ። "አጥፍተሻል?"

"እማማ!"

"ጠየቅሁሽ።"

"አላጠፋሁም።"

"ይኸውልሽ፤ መጠየቅ የሚፈጀው ይህችኑ ያህል ነበር" አልኋትና ሰኞ አብሬያት እንደምሄድ ነገርኋት። ጉንፋኑ ወዲያው ለቀቀኝ። ንዴት መድኃኒት ነው።

ቅዳሜ ማለዳ አዝመራ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ ያዝኋት። ዋናው መንገድ ላይ ካለ ሆቴል ጄኔሬተር አለ፤ ኮምፒውተሯን እዚያ ሰክታ፣ ኔትወርክ ይዛ ልትከፍተው ነው።

"ልክፈተውና ንጹሕ መሆኔን ፎቶ አንሥቼ ልላክላቸው።"

"አይከፈትም።"

"ኧረ እማማ!"

"ስሚ። ሌባ የተባለ ሰው ዕቃውን ለብቻው አይፈታም። የሚፈታው ሰው ፊት ነው። ዛሬ ብትከፍቺው ነገ 'ነካክታ መጣች' ይሉሻል። እንደተዘጋ ይሄዳል፤ እንደተዘጋ ፊታቸው ይቀመጣል።"

"አንቺ እኮ ኮምፒውተር አታውቂም!"

"ሰው አውቃለሁ" አልኳት። ተኮራረፍን። ቦርሳውን ትራሴ አድርጌ ሁለት ሌሊት ተኛሁበት፤ አንገቴ እስከ ዛሬ ያመኛል። ፈርቼም ነበር፤ አልዋሽም። ልጅቷ ትክክል ብትሆንስ? ራሷን የምታድንበትን አንድ በር እኔ ቆልፌባት ቢሆንስ? ግን የማውቀው ዳኝነት ይኸው ነበር፤ ያወቅሁትን ይዤ ቆየሁ።

ሰኞ በጋሪ ወደ መናኸሪያ ወረድን። የሚኒባሱ ረዳት ቦርሳውን ከእጄ ሊቀበለኝ ፈለገ።

"እማማ፣ ዕቃ ጣሪያ ላይ ነው።"

"አንተ ውጣ፤ እሱ ከእኔ ጋር ነው።"

"ምን ይዘው ነው? ወርቅ ነው እንዴ?"

"የሰው ስም ነው የያዝኩት። አስነሣው በል መኪናውን።"

ተሳፋሪው ሣቀ፤ አዝመራ ብቻ አልሣቀችም። አዲስ ቅዳም ከተማን ስናልፍ ከሰል የሞላው ማዳበሪያ በመንገዱ ዳር በላስቲክ ተሸፍኖ ተደርድሯል፤ ከኋላው ዲከረንሱ ጉም ለብሶ ቆሟል። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ያንን ዛፍ ስታይ ሄደች። ቆሰበር ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

የቢሮው ኃላፊ ዶክተር ይስማው ይባላል። ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ የልጄ እኩያ ነው። ሲያየኝ ተነሣ፤ ወንበር ሳበልኝ። "እማማ፣ ለምን ደከሙ?" አለኝ።

"ያደከምከኝ አንተ ነህ ልጄ። ይህችን ልጅ ጠይቀሃታል?"

"እማማ፣ ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው። ብነግርዎትም..."

"ቴክኒኩን ለእናንተ ትቻለሁ። እኔ የምጠይቅህ፣ ጠይቀሃታል ወይ?"

መነጽሩን አወለቀ። "ሁኔታው ግልጽ ነበር።"

"ለማን?"

እኔ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እጄን ደረብኩበት። "አውጫጭኝ እንቀመጥ" አልኩት።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በልጅነቴ አገር ፈረስ ወይም በሬ ሲጠፋ መንደሩ ሁሉ አንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰብ ነበር። አውጫጭኝ ይባላል። በዚያ ላይ ተከሳሽ የሚባል የለም። ጭቃ ሹሙም፣ ቄሱም፣ ደሃዋም በተራ እየተነሡ "በዚያን ቀን የት ነበርኩ፣ ምን አደረግሁ፣ ምን አየሁ" ይላሉ። ነገሩ እስኪወጣ ማንም ተነሥቶ አይሄድም። አሠራሩ ብዙ ክፋትም ነበረበት፤ ከብት ሳይታለብ፣ እርሻ ሳይታረስ ይዋላል። ግን አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ ጥያቄው ለሁሉም እኩል ይደርሳል።

"በዚህ ዘመን አውጫጭኝ?" አለ ዶክተሩ ፈገግ ብሎ።

"ዘመኑማ በስልክ መፍረድ የሚቻልበት ነው። ደብዳቤህን የምትጽፈው ዛሬ አይደል? እንግዲህ ወይ ሁላችሁም ትናገራላችሁ፣ ወይ እኔ እዚሁ አድራለሁ። ቆሎ ይዣለሁ።"

አዝመራ "እማማ በእናትሽ!" ብላ በአገውኛ አንሾካሾከችብኝ። እኔም በአገውኛ ዝም በይ አልኋት።

ከሣቁ ይሁን ከሐፍረቱ አላውቅም፣ ሰዎቹን ጠራቸው። ሁለት መጡ። አንዷ ፈንታነሽ ናት፤ የቢሮውን ኮምፒውተርና ኔትወርክ የምትይዝ፣ ወሬ የማታበዛ ሴት። ሌላው መምህር አለልኝ ናቸው፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ገበሬ ሁሉ የሚወዳቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ አዘና ወደሚባል ገጠር ወርደው አፈር ሲለኩ የሚከርሙ። ጫማቸው ላይ ጭቃው አልደረቀም ነበር። አዝመራን ሲያዩ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። እሳቸው ብቻ ናቸው እንደዚያ ያደረጉ።

"ከአንተ እንጀምር" አልኩት ዶክተሩን።

"ከእኔ?"

"ዳኛውም ይናገራል።"

ተናገረ። ሐሙስ ጠዋት ሲያነብ እንደነበረ፣ ለሻይ ወጥቶ ሲመለስ ሁሉም ባዶ ሆኖ እንዳገኘው። ፈንታነሽ ቀጠለች፤ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ የቢሮውን ኮምፒውተሮች ስትፈትሽ እንደዋለች፣ በሁሉም ላይ እንደጠፋ፣ ቫይረስ እንዳላገኘች። አዝመራ እቤቴ እንደነበረች፣ ኮምፒውተሯ ከባትሪው ማለቅ ወዲህ እንዳልተከፈተ ተናገረች። ዶክተሩ "ይህን ማን ያረጋግጣል?" ሲል "ተራህን ጨርሰሃል" አልኩት።

መምህር አለልኝ ቀሩ። ሳቅ እያሉ ተነሡ። "እኔማ ምን አውቃለሁ? አዘና ነበርኩ። እዚያ ኔትወርክ የለም። የለካሁትን ላስገባ ስል ኮምፒውተሬ ሞላሁ፣ ቦታ የለኝም አለኝ። ያሉኝን ጥናቶች ቢሮ ስደርስ ከጋራው መልሼ አወርዳቸዋለሁ ብዬ ከራሴ ላይ አጠፋፋሁና ቦታ አገኘሁ። ሥራዬን ጨርሼ ሐሙስ ጠዋት መጣሁ። ብዙም ሳልቆይ ሁሉም ሰው ጠፋ፣ ጠፋ ይል ጀመር። ይኸው ነው።"

ሊቀመጡ ሲሉ ፈንታነሽ እጇን አነሣች። ድምፅዋ ቀነሰ።

"መምህር፣ ያጠፉት ከየት ነው?"

"ከኮምፒውተሬ ላይ ነዋ።"

"በፕሮግራሙ ውስጥ ገብተው? የጋራው የሚለውን ክፍል ከፍተው?"

"አዎ፣ እዚያ አይደል ያሉት? ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አደረግሁት፤ አለዚያ ቦታ አይለቅም።"

"ሐሙስ ሲመጡ ኮምፒውተሩን እዚህ ከፈቱት?"

"ገና ከመግባቴ።"

ማንም አልተነፈሰም። እኔ አልገባኝም፤ ግን እንዲህ ያለ ዝምታ በዕድራችንም አውቃለሁ፣ ድስቱን የበሳው ሰው በራሱ አፍ ተናግሮ ሳያውቀው ሲቀር የሚመጣው ዝምታ ነው። አዝመራ በጆሮዬ አስረዳችኝ። ሰው ኔትወርክ በሌለበት የሠራው ነገር በራሱ ኮምፒውተር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ኔትወርክ ሲያገኝ ለሁሉም ይደርሳል። መጨመርም ይደርሳል፣ ማጥፋትም ይደርሳል። መምህሩ ግን ዕድሜያቸውን ኔትወርክ በሌለበት አገር የሠሩ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ሐሳብ አዘና የተደረገ ነገር አዘና ይቀራል።

ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። "እኔ ነኝ" አሉ። "ልጄ፣ እኔ ነኝ እኮ።" ወንበሩ ላይ እንደ ጆንያ ወደቁ።

"ሁለት ዓመት የለፋንበትን!" ብሎ ዶክተሩ ጠረጴዛውን መታ። "እንዴት ሰው..."

"ቁም!" አልኩ። እኔም ተነሣሁ። "አሁን ደግሞ በእሳቸው ልትፈርድ ነው? ይጠየቃሉ እንጂ አይጮኽባቸውም። አውቀው ነው?"

"አይደለም" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"እንግዲያ ተቀመጥ።"

ፈንታነሽ ግን አትሰማንም ነበር። ዓይኗ ያቀፍኩት ቦርሳ ላይ ነው። "አዝመራ" አለች፣ "ኮምፒውተርሽ ከመቼ ጀምሮ ነው የተዘጋው?"

"ከባለፈው ሳምንት መጀመሪያ።"

"ከሐሙስ በፊት! ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜም አልተከፈተም? ዳንግላ ላይ? ሆቴል ላይ?"

"ልከፍተው ነበር። እማማ ከለከለችኝ።"

"ማንም እንዳይነካው!" ብላ ሮጣ ወጣች። በኋላ ነው የገባኝ፤ የቢሮውን ኔትወርክ ልትነቅል ነበር። ተመልሳ መጣችና በሁለት እጇ ለመነችኝ። "እትዬ፣ ስጡኝ። ኔትወርክ ሳይነካው ከከፈትነው እዚህ ውስጥ አሁንም ይኖራል። ቅዳሜ ያንን ኔትወርክ ቢያገኝ ኖሮ ይኼም ባዶ ይሆን ነበር።"

ሰጠኋት። በሰው ሁሉ ፊት፣ እንደተዘጋ።

ሰካችው። ጥቁሩ ነገር እስኪነሣ ድረስ የጠበቅነው ጊዜ ከሁለቱ ሌሊት ይረዝማል። መምህር አለልኝ ያማትባሉ። ዶክተሩ ጥፍሩን ይበላል። አዝመራ እጄን ይዛለች። ፈንታነሽ አንድ ነገር ከፈተች፤ ጠበቀች፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችው።

"አለ" አለች። "ሁሉም አለ። መስመሩም፣ በዳር የጻፋችሁትም።"

አዝመራ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። መምህሩም አለቀሱ። ዶክተሩ እኔን ለማቀፍ መጣና ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት እጄን ሳመ።

"ኮምፒውተር እንደሚያውቅ ሰው አደረጉ እኮ እማማ!" አለኝ።

"ምንም አላወቅሁም" አልኩት። አላወቅሁምም። ያቆየሁት ለሌላ ነገር ነበር፤ የዳነው በመብራት መጥፋትና በግትርነቴ ነው። ባልተገባኝ ነገር ልመሰገን አልፈልግም።

በዚያው ቀን አዝመራን ወደ ቡድኑ መለሷት። ደብዳቤው ሳይጻፍ ቀረ። ምሳ ጋበዙን፤ መምህር አለልኝ በእጃቸው አጎረሷት። ከመሄዴ በፊት ግን ዶክተር ይስማውን ለብቻው ያዝኩት።

"አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ያ ሁሉ ሰው እያለ ለምን እሷን?"

"ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እማማ።"

"ይቅርታማ ከእሷ ጠይቅ። እኔ የምጠይቅህ ለምን እንደሆነ ነው።"

"የጠየቀችው ነገር ነበር፣ ይዤ ልሂድ ብላ..."

"እሱ ሰበብ ነው። ለምን?"

አልመለሰልኝም። አላስጨነቅሁትም፤ መልስ እንደ ጌሾ ነው፣ ጊዜውን ሳይጠብቅ አይወጣም። ሚኒባሱ ውስጥ አዝመራ ትከሻዬ ላይ ተኛች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ቀን በኋላ በእኔ የተለወጠውን ልንገራችሁ። ድሮ በዕድር ስፈርድ ከሳሽና ተከሳሽን ብቻ ነበር የማስቀምጠው። አሁን ከራሴ እጀምራለሁ፤ ድስቱ የተበሳ ቀን እኔ የት እንደነበርኩ እናገራለሁ። ሰው መጀመሪያ ሣቀብኝ፤ አሁን ለመደው። ደግሞም የኮምፒውተሩን ነገር አልተውኩትም። አዝመራ ትምህርቷን ሄዳ ስትማር፣ ያ የጋራ ቤተ መጻሕፍት እሷ ካለችበት ከተማ ሆና፣ መምህሩ ከአዘና ሲመለሱ፣ ዶክተሩ ከቆሰበር፣ ሁሉም ማጭዳቸውን ይዘው የሚገናኙበት እርሻ ሆኖ ቀጠለ። ለመምህር አለልኝ ፈንታነሽ ኮምፒውተሩ ሲሞላ የሚሰኩት ሌላ ማስቀመጫ ገዝታ ሰጠቻቸው። ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ የአራቱም ስም አለበት። አዝመራ በስልኳ አሳየችኝ፤ በማላውቀው ፊደል ቢጻፍም ስሟ የቱ ጋ እንዳለ ዛሬም በጣቴ አሳያችኋለሁ።

እናንተም ልጅ፣ ሠራተኛ፣ ታናሽ የሚባል ሰው በእጃችሁ ካለ፣ ነገር ሲጠፋ ዓይናችሁ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ ልብ በሉ። ዓይን የሚሄደው ወደ ጥፋተኛው አይደለም፤ ወዴት እንደሚሄድ እኔም ያወቅሁት ከዶክተሩ አፍ ነው።

ክረምቱ አልፎ ገብስ ሲደርስ፣ በገበያ ቀን፣ ዶክተር ይስማው ለሥራ ዳንግላ መጥቶ ኖሮ ጌሾዬ ፊት ቆመ። ጥላዬ ሥር ዱካ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ደንበኛ እስክሸኝ ጠበቀ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ እንዲህ አለኝ፦

"እትዬ ጥሩወርቅ፣ ያኔ የጠየቁኝን ሳስበው ከረምኩ። መምህር አለልኝን ብጠረጥር ገበሬው ሁሉ ይቀየመኛል። ፈንታነሽን ብጠረጥር ኮምፒውተራችንን የሚይዝልን የለም። ራሴን መጠርጠር ጭራሽ አልመጣልኝም። አዝመራን ብጠረጥር ግን፣ ማንም የሚመጣብኝ አልመሰለኝም ነበር።"